ሼህ ኢድሪስ ያልለቀቁት አረንጓዴ ሳጥን

ሰው ስለ ትዳሩ ሲያወራ ከፍቅር ይጀምራል። የእኔ የሚጀምረው ከቀለም ነው። ያውም ውሃ በሌለው ቀለም፤ እንደ በርበሬ ደቅቆ፣ በወተት ቆርቆሮ ተሞልቶ ከአዲስ አበባ በመጣ አረንጓዴ ዱቄት። መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅ። እኔ ያን ጊዜ አልሳቅሁም። አሁንም የምጽፈው ጥርሴን ነክሼ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። የወሎ ልጅ ነኝ። በድርቁ ዘመን በጭነት መኪና ተጭነው አሶሳ አጠገብ ከሰፈሩት ውስጥ ነኝ። መንደራችን ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበር የተሰጠው። አገርህ የት ነው ሲሉኝ ቁጥር እናገር ነበር። እናትና አባቴን ወባ ወሰዳቸው። እኔም የምንጣሮውን መጥረቢያ ጥዬ ከተማ ገባሁና ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ሆንኩ። ኩራዝ፣ ባልዲ፣ የውሃ መቅጃ፣ የጣራ አሸንዳ፣ በእጄ የማይወጣ የቆርቆሮ ዕቃ አልነበረም። ፊደል ግን አንዷንም አላውቅ። ስሜን ጽፈው ቢያሳዩኝ የማን ነው ብዬ የምጠይቅ ሰው ነበርኩ። በዚህም አላፍርም ነበር። የሚያፍር ሰው አማራጭ የነበረው ነው።

ዘመኑ ክልሉ ገና የተቋቋመበት ነው። አሶሳ ባንድ ጊዜ ቢሮ በቢሮ ሆነች። ትናንት ፍየል ታስሮበት የነበረ ግቢ ዛሬ ማኅተም ይመታበታል። ወንበሩ ሳይመጣ ኃላፊው ይመጣል፤ ኃላፊው ተቀምጦ ሳይጨርስ ይቀየራል። እኔ ምን አገባኝ? የሁሉም ጣራ ያፈስ ስለነበር ሥራ አላጣሁም።

ጎረቤቴ ሼህ ኢድሪስ ይባላሉ። የበርታ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ አማርኛቸው ሴትና ወንዱን ቢያማታም ቃላቸው የሚከበር። ልጃቸው ሀዋ አሥራ ሁለተኛ ጨርሳ ከአዲሶቹ መሥሪያ ቤቶች ባንዱ ጸሐፊ ሆና ተቀጥራ ነበር። እሷና እኔ በቀርከሃው አጥር ክፍተት ብዙ ተነጋግረናል። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ሽማግሌ ላክሁ። ሼህ ኢድሪስ አንዴ መለሱ፤ ሁለተኛም መለሱ። እኔ ባደግሁበት ወግ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ከተመለሰ አለቀ፤ አራተኛ መላክ ውርደት ነው። ለሦስተኛው እንዲህ አሉ፦ «የክልሉ በዓል ዕለት፣ ከመግሪብ በኋላ ኑ። መልሱን ያን ቀን እናገራለሁ። ከዚያ ኸላስ፣ አበቃ።»

እንግዲህ እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ትንፋሼን ይዤ፣ ማንንም ሳላስቀይም፣ ከሁሉም በላይ ሼህ ኢድሪስን ሳላስቀይም መሰንበት ነበረብኝ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር። ተመልከቱ ምን እንደሆነ።

መምህር ዳንኤል የሚባል የፊዚክስ አስተማሪ ከናዝሬት ተመድቦ መጥቶ ነበር። ጊታር ይመታል። ለበዓሉ የተሰባሰበውን የሙዚቃ ጓድ የሚመራውም እሱ ነው፤ ያን ቀን ጥሩ ከተጫወቱ ጓዱ ቋሚ ይሆናል ተብሎ ተነግሯቸዋል። በዓሉ ሊደርስ ሲል አንድ ጠዋት ከሞተ ራዲዮ ሆድ ያወጣውን ዕቃ በአንዲት ጣውላ ላይ ለቃቅሞ ይዞ መጣ።

«ሰይዶ፣ ይሄ ፔዳል ይባላል። የጊታሩ ሽቦ በዚህ ይገባል፣ በዚያ ይወጣል። ይቺን ቁልፍ በእግሬ ስረግጣት ድምፁ ይለወጣል።»

«ምን ይሆናል?»

«ይሻክራል። ቅድድ ይላል።»

«ያልተቀደደው ምን ጎድሎት ነው?»

«አይገባህም።»

«አዎ አይገባኝም። የእኔ ሥራ ምንድን ነው?»

«ሳጥን ሥራልኝ፣ የብረት። ብረት ካልሆነ የጄኔሬተሩ እዝዝታ ሁሉ ይገባበታል። ቀለሙ ደግሞ ሲረገጥ እንዳይላጥ ይጋገራል።»

«ምኑ?»

«ቀለሙ።»

ወባ ይዞት እንደሆነ ብዬ ግንባሩን ነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር። ያኔ ነው የወተት ቆርቆሮውን ከፍቶ አረንጓዴውን ዱቄት ያሳየኝ። ወንድሙ አዲስ አበባ የብረት አልጋ የሚሠራበት ቤት ውስጥ ይሠራል አሉ፤ እዚያ ብረቱን የሚቀቡት በዚህ ነው። ዱቄቱ በጋለ ብረት ላይ ይነሰነሳል፣ ይቀልጣል፣ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ይበስላል፣ ከዚያ በኋላ በምስማር ብትፍቀው አይለቅም።

ጓሮዬ ውስጥ በጭቃ የለሰንኩት፣ ዳቦ የምጋግርበት በርሜል ነበረኝ። ሚስት የሌለው ሰው ዳቦውን ራሱ ይጋግራል። በዚያ እንሞክር ተባባልን።

የመጀመሪያውን ሳጥን እንደ ልማዴ በስታኞ ገጣጠምኩት፤ ስታኞ ቆርቆሮ የምናጣብቅበት ለስላሳ ብረት ነው። በርሜሉ ውስጥ ከተትነው፣ ከላይም ከታችም ከሰል አደረግንበት፣ ጠበቅን። ስንከፍተው ሳጥን የለም። ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ጎን ለጎን ተኝቷል።

«ስታኞ ይቀልጣላ!» አለኝ መምህሩ።

«የፊዚክስ አስተማሪ አይደለህም እንዴ? ሳንከተው አትነግረኝም?»

«አንተስ ስታኞ ስታቀልጥ አይደል የኖርከው?»

ደግሞ ጀመርን። ከተጣለ የብረት ቁም ሳጥን ላይ ቆርጬ፣ አጥፌ፣ በሪቤት፣ በብረት ችንካር፣ ያዝኩት። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ፣ በቤንዚን አጠብኩ። ፔዳሉ አንድ ቢሆንም መምህሩ ወደፊት ሌሎች እሠራለሁ ስላለ አራት ሳጥን አዘጋጀሁ፤ ለቁልፍ የሚሆን ቀዳዳ በየአናታቸው በሳሁ። ዱቄቱን የምንነፋበት ወንፊት ዓይኑ ሰፊ ሆነብንና መምህሩ የሴት ናይለን ካልሲ ሊገዛ ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ «ለማን ነው? ቁመቷ እንዴት ነው?» ቢለው «ለቀለም ነው» ብሎ መለሰ። ያላገባ አስተማሪ እንዲህ ብሎ መልሶ በዚያ ከተማ ስሙ እንዴት እንደሚሆን እናንተው ገምቱት።

ሙቀቱ ሁለት መቶ መሆን አለበት አለ። ሁለት መቶ ምን? በርሜሌ ቁጥር አያወራም። በመጨረሻ የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት ቀድዶ በርሜሉ ውስጥ ያስገባ ጀመር፤ ወረቀቱ ጠቁሮ ከነደደ በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ አንሷል፣ የሻይ መልክ ካመጣ ደርሷል። ሻይ ሲመስል ሳጥኑን በፒንሳ አወጣሁ፤ እሱ ካልሲውን እያራገፈ ዱቄቱን ነሰነሰበት። ያ ደረቅ ዱቄት ዓይኔ እያየ እንደ ቅቤ ረጠበ። መልሼ ከተትኩት። ሽታው ግን! የፕላስቲክ ማበጠሪያ እሳት ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው። ሠፈሩ በሳል ተሞላ።

«ሰይድ!» አለች ሀዋ ከአጥሩ ማዶ። «ምንድን ነው የምታቃጥለው? አባ በሳል ሞቱ!»

«ቀለም እየጋገርኩ ነው።»

«ምን?»

«ቀለም!»

«እባክህን ሽማግሌዎችህ ይህን እንዳይሰሙ» አለችኝ።

ሳጥኖቹ ሲወጡ ግን ጎንበስ ብዬ አየኋቸው። ከሱዳን የሚመጣውን ፔርሙዝ ታውቁታላችሁ? እንደዚያ ለስላሳ፣ እንደዚያ የሚያበራ፣ እንከን የሌለው አረንጓዴ። ፊቴ ታየኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ በሠራሁት ዕቃ ላይ ፊቴን አይቼ አላውቅም ነበር። መምህሩ ዕቃውን አንዱ ውስጥ አጥብቆ ቁልፉን ከአናቱ ተከለ። ሦስቱ ባዶ ናቸው፤ ቀዳዳቸው ክፍት ነው።

በዓሉ ደረሰ። ሜዳው ላይ መድረክ ተሠርቷል፣ ድንኳን ተጥሏል፣ ጄኔሬተር ያጓራል። እኔ የመድረኩን ጣራ መትቼ ስለነበር ከኋላ በኩል ቆሜያለሁ። መምህሩ አራቱንም ሳጥኖች ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ «ዓይንህን እንዳትነቅል፣ ሽቦ አምጥቼ መጣሁ» ብሎኝ ሄደ። ባዶዎቹን ያመጣው ለማሳየት ነው፤ ኮርቶባቸዋል።

ያኔ የአዘጋጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ታደለ እየተንደረደረ መጣ። በዚያ ሙቀት ከረቫት አስሯል፤ ፊቱ ከእርጥብ ጨርቅ አይለይም። ለአገር ሽማግሌዎች የሚሰጥ ራዲዮ የጫነው መኪና ዳቡስ ወንዝ አጠገብ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀርቷል። እንግዶች ተቀምጠዋል፣ ስጦታ የለም። ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሳጥን ነው።»

«ያምራል። የት ነው የተሠራው? ውጭ አገር?»

«እኔ ጓሮ።»

አልሰማኝም። «ውስጡ ምን አለ?»

«ያንዱ ውስጥ የመምህሩ ዕቃ አለ። ሦስቱ ባዶ ናቸው። ጌታው፣ አይነኩም።»

«ስጦታ ባዶም ቢሆን ስጦታ ነው። ራዲዮው ማታ ይገባል፣ እንለውጥላቸዋለን። ለጊዜው ነው።» ከኪሱ በታይፕ የተመታ ወረቀት አወጣ፤ ለራዲዮዎቹ የተዘጋጀ ነው። ሙጫ ቀብቶ በየሳጥኑ ሆድ ላይ ለጠፈ። እኔ ልነጥቅ ስንደረደር አንድ ሚሊሺያ ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ። «የመንግሥት ንብረት አትንካ» አለኝ። የመንግሥት ንብረት ለመሆን የፈጀበት ሙጫው እስኪይዝ ድረስ ነው።

አራት ሽማግሌዎች ተጠሩ። ጭብጨባው ቀለጠ። ቁልፍ ያላት፣ የምትከብደዋ ሳጥን ለማን ደረሰች? ለሼህ ኢድሪስ። አላህ ሲጫወት እንዲህ ነው የሚጫወተው።

ሽማግሌዎቹ ድንኳኑ ሥር ተመልሰው ተቀመጡ። አንደኛው ሳጥኑን አገላብጦ አየና አቶ ታደለን ጠራው። «የሼህ ኢድሪስ ቁልፍ አለበት፤ የእኛ ቀዳዳ ብቻ ነው። ለምን?»

አቶ ታደለ ዓይኑን እንኳ አላሸም። «ቀዳዳው ለወደፊቱ ልማት የተተወ ነው» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚገርመው ማንም አልሳቀም። ያን ዓመት ሁሉም ነገር ለወደፊቱ የተተወ ነበር። ሼህ ኢድሪስም ለጎናቸው ሰው ሲያስረዱ ሰማሁ፦ «ይሄ መብራት ሲገባ የምትናገር ናት። አሁን መብራት የለም፤ ለዚህ ነው ዝም ያለው።»

መምህር ዳንኤል ሽቦውን ተሸክሞ መጣ።

«ሰይዶ! ፔዳሌ የት ሄደ?»

«ሼህ ኢድሪስ ጭን ላይ።»

ነገሩን ስነግረው መሬት ላይ ቁጭ አለ። «አለቀልን። ከሆሞሻ የሚመጡት የዙምባራ ጥሩምባ ነፊዎች አልደረሱም። እነሱን የሚያመጣው መኪና ራዲዮ እንዲያመጣ ተልኮ ነው ጭቃ ውስጥ የገባው። የእነሱን ድምፅ በፔዳሉ ልተካ ነበር። ያለሱ የምጫወተው የለኝም። ሂድና ተቀበላቸው።»

«እኔ?»

«ጎረቤትህ አይደሉም?»

«አቦ ተወኝ! ዛሬ ማታ ስለ ልጃቸው መልስ የሚሰጡኝ ሰው ናቸው! ሕዝብ ፊት የተሸለሙትን 'አምጡ' ልበላቸው?»

«ዘጠኝ ሰዎች ሥራ ሊያጡ ነው፣ ሰይዶ።»

ሰው ሲለምነኝ አልወድም። እምቢ ማለትም አልችልበትም። ሄድኩ። ከመድረኩ እስከ ድንኳኑ ያለው መንገድ ከወሎ አሶሳ ከመጣሁበት የረዘመ መሰለኝ። ሼህ ኢድሪስ ሳጥኑን በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም ሼህ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። መልስ ማታ ነው። ቀን መጣህ?»

«ኧረ ለሱ አይደለም። ሳጥኗን አይቼ ነው። ትንሽ ጉድለት አለባትና ላስተካክልልዎ ብዬ…»

«ጉድለት? መንግሥት ለእኔ ጉድለት ሰጠ?»

«አይ! ብሎኗ ላልታ ነው።»

«እዚህ አጥብቀው።»

«መፍቻው መድረኩ ጋ ነው ያለው። አንቱ ይቀመጡ፣ እኔ ወስጄ…»

ሳጥኑን ደረታቸው ላይ አጣበቁ። «ጠይብ፣ እሺ። እሷ የሚሄድበት እኔ እሄዳለሁ» ብለው ተነሡ። ከፊቴ ቀደሙ። እኔ እንደ ሌባ ከኋላ ተከተልኩ።

መድረኩ ጀርባ መምህሩ እየተሽቆጠቆጠ ሽቦዎቹን ሰካና «አሁን ሼህ፣ መሬት ያስቀምጡልኝ፣ በእግሬ ስለሆነ የምረግጠው» አለ።

«በእግር?»

«አዎ፣ እንዲህ…»

«አንተ አስተማሪ ነህ፣ አይደለም? ሰው የተሸለመው በእግር ይረገጣል ብለህ ነው ልጆች የምታስተምረው?»

የዝግጅቱ መሪ የመምህሩን ስም ጠርቶ ጓዱ ወደ መድረክ እንዲወጣ ለፈፈ። ሰዉ ማፏጨት ጀመረ። መምህሩ ሊያለቅስ ደርሷል። እኔም ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነኝ፣ እስከ አንገቴ ችዬ ችዬ በመጨረሻ እፈነዳለሁ።

«ሼህ! ይሄ የመንግሥት አይደለም! እኔ ነኝ የሠራሁት! በገዛ በርሜሌ ነው የጋገርኩት! ስትስሉ የሰነበታችሁት በዚህ ነው!»

ሚሊሺያው ሳቀ። ሼህ ኢድሪስ ግን አልሳቁም። ሳጥኑን ገልብጠው ወረቀቱን አሳዩኝ።

«አንተ ሠራኸው?»

«እኔ ሠራሁት።»

«ጠይብ። እዚህ ምን ይላል? አንብብ።»

አየሁት። ጉንዳን ነው። የቆመ ጉንዳን፣ የተኛ ጉንዳን፣ ጭንቅላቱ የከበደው ጉንዳን።

«አላውቅም» አልኩ።

«እኔም አላውቅም። እኔ የቁርኣን ፊደል ነው የማውቀው። ግን እኔ 'ሠራሁት' አላልኩም።»

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ በሕይወቴ ብዙ ተመትቻለሁ። ያን ያህል ያመመኝ የለም። እያንዳንዱን ሪቤት የመታሁት እኔ፣ ጣቴን ያቃጠልኩት እኔ፤ ሆዱ ላይ የተለጠፈው ግን ለእኔ የተዘጋ በር ነው። ያን የለጠፈው ሰው ባለቤት ሆነ፤ እኔ ውሸታም ሆንኩ።

የዝግጅቱ መሪ ሁለተኛ ጠራ። መምህሩ የጊታሩን ማንገቻ አጠበቀና «ሼህ፣ በእግር ካልሆነ በእጅዎ ይጫኑልኝ። እኔ በራሴ ስነቀንቅ ይጫኑ፣ ደግሜ ስነቀንቅ ይልቀቁ» አላቸው። እብደት ነው። ሼህ ኢድሪስ ግን ትንሽ አሰቡና ወንበር ጠየቁ።

ወጡ። ሼህ መድረኩ መሃል ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሕዝቡ ንግግር ሊያደርጉ መስሎት ጸጥ አለ። ጊታሩ ቀስ ብሎ ጀመረ። መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። ሼህ በአውራ ጣታቸው ተጫኑ።

ያን ድምፅ ምን ብዬ ልንገራችሁ? መድረኩ ተሰነጠቀ ነው ያልኩት። ሚሊሺያው መሬት ላይ ተኛ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ባለሥልጣን የለስላሳ ጠርሙስ አፉ ላይ እንደደቀነ ቀረ። ሼህ ኢድሪስ ጣታቸውን አነሡ። ድምፁ ጠፋ። ጣታቸውን አዩት። ደግመው ተጫኑ።

ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። ለካ ሰውዬው በወጣትነታቸው ዙምባራ ነፊ ነበሩ። ዙምባራ የበርታ የቅል ጥሩምባ ነው፤ ብዙ ሰው ተሰልፎ ይነፋዋል፣ ግን እያንዳንዱ ጥሩምባ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ዜማው የሚወጣው እያንዳንዱ ሰው ተራውን ጠብቆ፣ ያቺን አንዷን ድምፁን በቦታዋ ሲጥላት ነው። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ «ፎ» ማለት መቼ እንደሆነ ሲማር የኖረ ነው። አሁን ፎዋን በአውራ ጣቱ ሥር አገኛት። መምህሩ በራሱ ይነቀንቃል፤ ሼህ አላዩትም። መምህሩ አንገቱ እስኪዞር ነቀነቀ፤ ሼህ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን ጫን፣ ለቀቅ። በመጨረሻ መምህሩ ተሸንፎ እሳቸውን መከተል ጀመረ። ከሜዳው ዳር የበርታ ሴቶች እልልታ ለቀቁ፤ ከዚያ በኋላ የወሎውም፣ የጎጃሙም፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው የቢሮ ሰው ሁሉ ትከሻውን ነቀነቀ።

በዚህ መሃል ሦስቱ ሽማግሌዎች ከድንኳኑ ተነሡ። ባዶ ሳጥኖቻቸውን ይዘው መድረኩ ላይ ወጡ። ማን ይከልክላቸው? የተሸለሙ ናቸው። ከሼህ ኢድሪስ ጎን ተደርድረው ባዶውን ብረት በጣታቸው ይመቱት ጀመር። አቶ ታደለ ከታች ሆኖ፣ ሁሉም በዕቅድ የተያዘ ይመስል፣ እየሳቀ ያጨበጭባል።

ሲያልቅ ሼህ ኢድሪስ በላብ ተነክረው ወረዱና ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«አንተ። እውነት ንገረኝ። ይሄ ምንድን ነው?»

ከዚህ በኋላ ምን ይቀረኛል ብዬ «ቀለም የተቀባ ብረት ነው» አልኩ።

«ብረቱ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ውስጡስ?»

«የመምህሩ።»

«ድምፁስ?»

«ድምፁማ የአንቱ ነው።»

«የመንግሥት ምኑ ነው?»

«ወረቀቱ።»

በጥፍራቸው ከጫፉ ያዙና ሳይቀደድ ላጡት። ቀለሙ አብሮ አልተላጠም። ወረቀቱን መዳፌ ላይ አስቀመጡና ሳጥኑን ይዘው ሄዱ።

ራዲዮዎቹ ፀሐይ ስትጠልቅ ደረሱ። አቶ ታደለ ሊለውጥ ዞረ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ራዲዮውን ተቀበሉ፣ ሳጥኑንም አልመለሱም። ሼህ ኢድሪስ ደግሞ ራዲዮውን አልነካም አሉ። «ራዲዮ ሌላ ሰው ይናገራል። በዚህ እኔ እናገራለሁ» አሉት።

ከመግሪብ በኋላ ሽማግሌዎቼ ገቡ። እኔ በወጉ መሠረት መግባት አልችልም፤ ከቀርከሃው አጥር ሥር ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ልቤ እንደ ጄኔሬተሩ ያጓራል። በሕዝብ ፊት ዋሽቻቸዋለሁ፣ ጮኼባቸዋለሁ፣ በሳል እንደገደልኳቸውም በአፌ መስክሬያለሁ።

«ልጁን ዛሬ አየሁት» ሲሉ ሰማሁ። «ሲዋሽ አየሁት፣ አይችልበትም። ከዚያ እውነት ሲናገር አየሁ፤ እሱንም አሳምሮ አይደለም፣ ግን ተናገረ። እኔ እንቢ የለኝም። ሀዋ ራሱ ይናገር።»

ተነሥቼ ልጨፍር ስል የአጥሩ ቀርከሃ ተንኳኳ። ሀዋ ናት።

«ወረቀቱ ኪስህ ውስጥ ነው?»

«ነው።»

«አንብበው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የታየብኩት እኔ ነኝ። ቢሮ ውስጥ ሲያስታይቡኝ ለራዲዮ ነው ብለውኝ ነበር። ዛሬ ሕዝቡ መሃል ቆሜ በሠራኸው ዕቃ ላይ ተለጥፎ አየሁት። አንተ አፍህን ከፍተህ ቆምክ። አባቴ እንቢ የላቸውም፤ እኔ አለኝ። ዓለም በእጁ ሥራ ላይ የፈለገውን ሲለጥፍበት የማያውቅ ባል አልፈልግም።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ? ፊደል የሚቆጥር ልጅ ነው!»

«እንግዲያው ልጅ ሁን። ስታነበው ና።»

ሄደች። እኔ ጓሮዬ ገብቼ በርሜሉን በእርግጫ መታሁት። እግሬ አበጠ። በርሜሉ ምንም አልሆነም።

የማታ ትምህርት ጀመርኩ። መምህር ዳንኤል ነው ያስተማረኝ፤ ጓዱ ቋሚ ሆኖለት፣ ሼህ ኢድሪስም ከነሳጥናቸው አባል ሆነው፣ በየወረዳው ሲዞሩ ካልሆነ በቀር ማታ ማታ ይዞኝ ይቀመጣል። ትምህርት ብርሃን ነው ይላሉ። እንዲህ የሚሉት በልጅነታቸው የተማሩ ናቸው። እናንተ ይህን የምታነቡት፣ መቼ ፊደል እንደቆጠራችሁ እንኳ አታስታውሱም። እኔ አስታውሳለሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት ብርሃን አልነበረም፤ ንዴት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ቆብ አውልቄ ያለፍኩበት ትልቁ ሰሌዳ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚል ሆኖ ተገኘ። አሸንዳ የቀጠልኩበት ቢሮ በር ላይ የተጻፈውን አክብሬ ስንት ጊዜ ፀሐይ ላይ ቆሜያለሁ፤ ለካ የሚለው «ግቡ» ነው። በዚህ የማይናደድ ካለ እሱ ሰው አይደለም። ግን አንድ ነገር እነግራችኋለሁ፦ ከዚያ በኋላ ሳላነብ ያስረከብኩት ዕቃ፣ ሳላነብ ያጨበጨብኩለት ሰው የለም። ሰዎች መራራ ነህ ይሉኛል። መራራ አይደለሁም፤ የተጻፈውን አነባለሁ።

ሁለት ክረምት አለፈ። ሌላ ሰው ሽማግሌ ልኮላት እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ምን ብላ እንደመለሰች አልጠየቅሁም። ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቀርከሃው አጥር ሄድኩ። ሸሚዜን ተኩሼ ለብሻለሁ። አንኳኳሁ። ሀዋ መጣች፤ እጇን አጣምራ ቆመች። ወረቀቱን ዘረጋሁት። ጠርዙ ተበልቷል፣ ሙጫው ቢጫ ሆኗል።

«ለ…ተ…ከበሩ… ያገር… የአገር ሽማግሌ» አልኩ።

«ቀጥል።»

«በ…ክልሉ በዓል… ምክን…ያት… ከአዘጋጅ ኮሚ…ቴው… የተበረ…ከተ…» አንዲት ቃል ቀረችኝ። አፍጥጬ አየኋት። «ራ…ዲ…ዮ።»

ቀና አልኩ። ሀዋ አፏን በሻሿ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም።

«ይሄ ብቻ ነው?» አልኳት። «ሁለት ክረምት የለፋሁት 'ራዲዮ' ለማለት ነው?»

የአጥሩን በር ገፍታ ከፈተችው። ከቤት ውስጥ የሼህ ኢድሪስ ድምፅ መጣ።

«ሀዋ! ጮክ ብሎ ያንብብ! እኔ አልሰማሁም!»